እጅ የማያስነሣው ጃኬት

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ልጄ ሕይወት ለንደን ጠራችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት የልብስ ፋብሪካ ሲሸኘኝ ሥራ አስኪያጁ በማይክሮፎን «ታማኝ፣ ለወጣቶች አርአያ የሚሆን ሠራተኛ» አሉኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ቆምኩ። ትሕትና መሰላቸው። ትሕትና አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ነባር ሠራተኞች መካከል ቢያንስ አምስቱ ለምን ቀና እንዳላልኩ ያውቁ ነበር፤ እነሱም አብረው አጨበጨቡ።

ፋብሪካው ቃሊቲ ነበር። የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ በግምጃ ቤት ጸሐፊነት ነው። ሁለት ዓመት ክርና አዝራር ስመዘግብ ቆየሁና መቁረጫ ክፍል ሰው ሲጎድል ተዛወርኩ። ደመወዙ ትንሽ ይሻል ስለነበር እንጂ ለሙያው ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። እዚያ ጋሽ ተክሌን አገኘሁ።

ጋሽ ተክሌ የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አያወርዱም፤ ለሠርግ ከረባት አስረው ሲመጡ እንኳ ሜትሩ በኪሳቸው ነበር። አዲስ ጣቃ ሲገባ የዚያኑ ዕለት እንዲቆረጥ አይፈቅዱም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስከ ማግስቱ ይተዉታል። በጥቅል የኖረ ጨርቅ ተወጥሮ ስለሚቆይ ሲዘረጋ ይሰበሰባል፤ ሳይሰበሰብ የቆረጡት እንደሆነ ልብሱ ገዢው ቤት ሄዶ ያጥራል። ጠዋት መጥተው የእጃቸውን ጀርባ ጨርቁ ላይ ያሳርፉና «አሁን አርፏል» ወይም «ገና ነው» ይላሉ። አለቆች በዚህ ይናደዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን መቀስ አያነሡም።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ካርቶኑን አለማመን ነው። ልብስ ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱ ክፍል፣ ፊቱም፣ ጀርባውም፣ እጅጌውም፣ በካርቶን ተነድፎ ይመጣል። እኛ ያንን ጨርቁ ላይ አስቀምጠን፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምረን፣ በኤሌክትሪክ ቢላዋ እንቆርጣለን። አንዴ የተነሣ ቢላዋ ስልሳና ሰባ ድርብ ጨርቅ ይዞ ይሄዳል፤ የአንድ ካርቶን ስሕተት የሰባ ልብስ ስሕተት ነው። ጋሽ ተክሌ ታዲያ ካርቶኖቹን እርስ በርሳቸው ሳያለካኩ አያስቆርጡም። የእጅጌውን ጫፍ ይይዙና በብብቱ ዙሪያ ላይ ቀስ እያደረጉ፣ ጣት በጣት እያስጠጉ ያዞሩታል። እኩል ከደረሰ ይቀጥላሉ። ካልደረሰ ይቆማሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚያነጋግራቸው ሰው የለም።

አሥራ ሁለት ዓመት በሥራቸው ከቆየሁ በኋላ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ የሆንኩት እሳቸው ስሜን ስለሰጡ ነው። «ዓይኑ ጥሩ ነው» ብለው ነበር። እውነት ነው፣ ዓይኔ ጥሩ ነበር። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው።

ፋብሪካው ወደ ግል ከተዛወረ በኋላ፣ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ከለንደን ትልቅ ትእዛዝ መጣ። የሴቶች ጃኬት ነው፤ ቁጥሩ ሰባት መቶ አርባ አንድ። ያኔ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰሎሞን ይባላሉ፤ ሽቶ የሚቀቡ፣ ቶሎ የሚናገሩ፣ ስለ ውጭ ገበያ ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራ ሰው። ሁላችንንም ሰብስበው ይህ ሥራ ካማረ ፋብሪካው እንደሚያድግ፣ ካበላሸን እንደሚዘጋ ነገሩን።

ካርቶኖቹ በመጡ ማግስት ጋሽ ተክሌ አስጠሩኝ። እጅጌውን በብብቱ ላይ እያዞሩ አሳዩኝ። የእጅጌው አናት ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ሜትሩን እኔም ያዝኩ፤ እኔም ለካሁ። ይህ እንዲሁ ከተሰፋ ለብሳው የቆመች ሴት ምንም አይታወቃትም፤ እጇን ስታነሣ ግን ጃኬቱ ከወገቧ ተነሥቶ አብሮ ይሄዳል። አብረን አቶ ሰሎሞን ቢሮ ገባን። ለንደን ጻፉ። መልስ አልመጣም። ሳምንት ጠበቅን፤ የመርከቡ ቀን ደረሰ። አቶ ሰሎሞን ራሳቸው መቁረጫ ክፍል ወርደው፣ ካርቶኑ ገዢው የላከው ስለሆነ እንዳለ እንዲቆረጥ አዘዙ። ጋሽ ተክሌ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ አሉ። አቶ ሰሎሞን እኔን ምስክር አድርገው «ጌታሁን እየሰማ ነው፣ አይበቃዎትም?» አሏቸው። ጋሽ ተክሌ ዞረው አዩኝ። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። በእኔ ምስክርነት ቢላዋውን አነሡ።

ጃኬቶቹ ለንደን ደርሰው ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሆኑ። ከዚያ የመጣው ደብዳቤ ፋብሪካው በአቆራረጥ ስሕተት ሠርቷል የሚል ነበር። ካርቶኖቹ ከጃኬቶቹ ጋር ተመልሰው ስለሄዱ የሚለካ ነገር እጃችን ላይ አልነበረም። ባለቤቶቹ አጥፊው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሰሎሞን አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ማንንም ሳያማክር የእጅጌውን መስመር በገዛ ሥልጣኑ እንዳሻሻለ የሚገልጽ። ከሥር የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ፊርማ ይላል። አቶ ሰሎሞን አልጮሁብኝም፤ አላስፈራሩኝምም። ብዕሩን ክፍቱን አድርገው ሰጡኝና ስልክ ማናገር ጀመሩ። ስልኩን ሲዘጉ ፈርሜ ነበር።

ከዚያ ምሳዬን በላሁ። ይህን የምጽፈው ስለማልረሳው ነው።

ጋሽ ተክሌ ከሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ተባረሩ። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ወጡ። እኔም በዓመቱ የምርት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አሥር ዓመት በዚያ ወንበር ስቀመጥ ራሴን አንድ ነገር አስተማርኩት፦ ምናልባት ቢላዋው ሸርተት ብሎ ይሆናል፤ ምናልባት እኔም አለካኬ ልክ አልነበረም። ሰው በገዛ እጁ የለካውን ነገር ሊክድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ይቻላል።

ለንደን ሕይወት የምትኖረው ሼፈርድስ ቡሽ ነው። ፓርክ ሮያል አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ገና ሳይነጋ ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች። አንድ ማክሰኞ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ለምትኖር ጓደኛዋ በርበሬ እንዳደርስላት ጠየቀችኝ። የአውቶቡሶቹን ቁጥር በወረቀት ጻፈችልኝ፤ የመሳፈሪያ ካርዱን የአውቶቡሱ በር ላይ ካለው ማሽን እንዴት እንደማስነካው «ተች አድርገው አባ» ብላ አሳየችኝ። በርበሬውን አድርሼ ስመለስ ፎቅ ላይ፣ ከፊት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አውቶቡሱ መብራት ይዞት ቆመ። ቀና ስል አንድ የመስታወት ሕንጻ ግንባር ላይ ያንን ስም አየሁት። ለዓመታት በየልብሱ አንገት ሥር ስንሰፋው የኖርነው ስም፣ በእነዚያው ቅጥል ፊደሎች፣ ሰው በሚያህል ቁመት ተጽፏል።

ደወሉን ተጭኜ ወረድኩ። ምን ልበል ብዬ አላሰብኩም።

እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀጠሮ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። በፋብሪካ እንግሊዝኛዬ የለኝም አልኩ። ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ፣ ልብሳቸውን ብዙ ዓመት እንደሠራሁ ልነግራት ሞከርኩ። አልገባትም። የለበስኩት ሸሚዝ ከፋብሪካችን ነበር፤ ጉድለት የተገኘበትን ለሠራተኛ ይሸጡልን ስለነበር። ኮሌታዬን ገልብጬ ጀርባዬን ሰጠኋትና ስሙን አሳየኋት። ጥበቃው ጠጋ አለ። ልጅቷ ግን ሳቅ አለችና ስልክ አነሣች፤ ትንሽ ቆይቶ ከላይ አንዲት ወጣት ወረደች።

«ሰላም፣ ሊድያ እባላለሁ» አለችኝ በአማርኛ። «ሶሪ፣ አማርኛዬ ትንሽ ነው። አንተ... ሶሪ፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ ነዎት?»

ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ እናቷና አባቷ የአዲስ አበባ ሰዎች የሆኑ ልጅ ናት። ሥራዋ ነዳፊዎቹ የሚሥሉትን ወደ ካርቶን መለወጥ ነው። እኔ ምን እሠራ እንደነበር ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ ልብሱን ከሚሠሩት ሰዎች አንድም ሰው አይታ አታውቅም። ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ደረቴ ላይ ለጥፈውልኝ አብሬያት ወጣሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ረጅም ክፍል አለ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ብረት ተዘርግቶ፣ በብረቱ ላይ በመንጠቆ የተንጠለጠሉ ካርቶኖች በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። ሽታው የእኛ መቁረጫ ክፍል ሽታ ነበር። ሊድያ ስለ አዲሱ ኮምፒዩተር ስትነግረኝ እኔ ቁጥሮቹን አነብ ነበር። ከዚያ አፌ ራሱ ጠየቀ፦ ሰባት መቶ አርባ አንድ አለ ወይ አልኳት።

እሷ ልትፈልግ ስትል ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቁጥሩን ሰምቶ ሳቀ። ፒተር ይባላል፤ የክፍሉ አለቃ ነው። ተነሥቶ መፈለግ ሳያስፈልገው ሄዶ አወረደው። እዚህ ክፍል ለሥራ የሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይህን ካርቶን እንዲለካ ይሰጠዋል አለ፤ ሊድያም ለክታዋለች። ስም እንኳ አውጥተውለታል፦ እጅ የማያስነሣው ጃኬት። እጅጌውን አንሥቶ በብብቱ ዙሪያ ላይ አዞረው፤ ልክ እንደ ጋሽ ተክሌ፣ ጣት በጣት። አልደረሰም። ሁለት ጣት ያጥራል።

ከካርቶኑ ጋር የታሰረ የመዝገብ ወረቀት ነበረ። ሊድያ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ስሕተቱ የተሠራው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ የተጻፈው ጥያቄ ደርሷቸው፣ የዚያኑ ሳምንት ለክተው፣ ጥፋቱ የእነሱ መሆኑን አረጋግጠው አርመውታል። የታረመው ካርቶን ግን ያንኑ ጃኬት ለሚሠራ ለሌላ አገር ፋብሪካ ብቻ ተላከ። ለእኛ መላክ የነበረባት ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ነበረች። ጃኬቶቹ ሲደርሱ ደግሞ፣ አለ ፒተር ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ ፋብሪካው አጥፍቷል ማለቱ ለሁሉም ሰው ቀለለ። እሱ በውሳኔው አልነበረበትም። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ሻይ ልቅዳልህ እያለኝ ነበር የሚያወራው። የእኔ አገር ሰው የሃያ ስድስት ዓመት ኑሮ እዚያ ክፍል ውስጥ የአዲስ ሰው መለማመጃ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ፒተር አንድ ነገር ጠየቀ። ሊድያ ፈገግ እያለች ተረጎመችው።

«ሁልጊዜ ይገርመኛል ይላል። እዚያ ያለው ሰውዬ እንዴት ከመቆረጡ በፊት አወቀ? እኛ እዚህ አላወቅንም። እሱ ሰው እርስዎ ነዎት ወይ ይላል።»

አይደለሁም ማለት አንድ ቃል ነው። በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ። ፒተር ግን እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በአክብሮት ተሞልቶ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ማንም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ሌሎቹን ጠርቶ ነገራቸው፤ አራት አምስት ሆነው መጡና አጨበጨቡልኝ። ሻይ ጠጣሁ። ስለ አለካክ ጠየቁኝ፤ የጋሽ ተክሌን ዘዴ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ጨርቅ እንዴት እንደሚያርፍ፣ የእጅ ጀርባ እንዴት እንደሚያሳርፉበት። አንዷ ጻፈችው።

ወደ ታች ልሸኝዎት ብላ ሊድያ ከሊፍቱ አጠገብ አስቆመችኝ። ፒተር ስሜ ከመዝገቡ ጋር እንዲቀመጥ ፈልጓል፤ አዲስ ሠራተኞች ማን እንዳወቀው ይወቁ ብሏል። ብዕርና ወረቀት ሰጠችኝ። ብዕሩ ክፍት ነበር።

በእንግሊዝኛ ፊደል ተክሌ ብዬ ጻፍኩ፤ የአባታቸውንም ስም አስከተልኩ። ሊድያ አነበበችው። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። እንደገና የጻፍኩትን አየች።

«እዚህ ጌታሁን ይላል» አለች።

«ጌታሁን እኔ ነኝ። ያወቁት ጋሽ ተክሌ ናቸው። እኔ እሳቸው አጥፍተዋል ብዬ የፈረምኩት ነኝ።»

ቃሉ ገብቷት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ቀለል ባለ አማርኛ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ቀስ እያለች ጠየቀችኝ፤ ተባረው የት ሄዱ፣ አሁን በሕይወት አሉ ወይ፣ ይህን ያውቃሉ ወይ። በሕይወት አሉ አልኳት። ሌላውን አላውቅም አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ለፒተር እውነቱን እነግረዋለሁ አለችኝ፤ ንገሪው አልኳት።

«ግን ለእኛ አይደለም መንገር ያለብህ» አለችኝ። «ለሳቸው ነው።»

ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዳ ነበር። ስንተዋወቅ ስትሳሳት አርማ ነበር፤ ይህን አላረመችውም። ሊፍቱ ሲመጣ ብቻዬን ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ሕይወት ገብታለች። አንተ የት ቆየህ ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። በልጅነቷ ጋሽ ተክሌን ታውቃቸው ነበር፤ ለምን ከፋብሪካው እንደወጡ ግን ነግሬያት አላውቅም። ስጨርስ፣ ያኔ አንቺ የግል ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ ሥራዬን ባጣ ኖሮ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«በእኔ አታሳብብ አባ» አለችኝ። «የመንግሥት ትምህርት ቤትም እማር ነበር። እዚህም እኮ ሳንድዊች ነው የማሽገው።»

የዚያን ሳምንት የጋሽ ተክሌን ስልክ በሰው በሰው ፈልጋ አገኘችልኝ። ያነሡት ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። ስሜን ነገርኳቸው። ጋሽ ተክሌ ዓይናቸው ደክሟል፣ በስልክም ደህና አይሰሙም፣ የምትለው ካለህ ስትመጣ ና አሉኝ። ሊድያ ደግሞ፣ የልጄን ስልክ ሰጥቻት ስለነበር፣ የመዝገቡን ቅጂ በፒተር ፈቃድ ለሕይወት ላከችላት፤ ፒተር ከሥሩ በፊርማው ስሕተቱ የእነሱ መሆኑን ጽፎበታል። ለእኔ የጻፈው ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ቤታቸው ከፋብሪካው በስተጀርባ፣ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከተባረሩ በኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ ኖረዋል፤ ዓይናቸው ሲደክም ያንንም ተዉት። እትዬ አልማዝ አስገቡኝ። ጋሽ ተክሌ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ በድምፄ አወቁኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሕይወት እንደተረጎመችልኝ አነበብኩላቸውና በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ከዚያ የፈረምኩትን፣ ለንደን እሳቸው ነኝ ብዬ የተጨበጨበልኝን ሳይቀር ነገርኳቸው። ይቅር በሉኝ አልኩ።

ወረቀቱን ጠርዝ በጠርዝ አገጣጥመው አጠፉት።

«እጅጌው እንደሚያጥር ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም» አሉ። «ለክቼዋለሁ። አንተም ለክተኸዋል።»

«አዎ ጋሼ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እል ነበር። አልማዝ ትመስክር። መጥተህ ፈራሁ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር፤ እኔም ልጆች አሉኝ፣ ፍርሃት አውቃለሁ።» የታጠፈውን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ለንደን ድረስ መሄድ አልነበረብህም ጌታሁን። ቤቴ እዚሁ ነበር።»

ይህን ብለው ተነሡ፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄደው በሩን ከፈቱልኝ።